ክሎሮፎርም፡ በክሎሪን በታከመ ውኃ ውስጥ የሚፈጠረው ውህድ

ክሎሪን እንደ ኮሌራና ታይፎይድ ያሉ ውኃ ወለድ በሽታዎችን በመከላከል የበርካታ ሰዎችን ሕይወት ታድጓል። ይሁን እንጂ በውኃ ውስጥ ከሚገኝ የቅጠልና የአፈር ብስባሽ ጋር ሲዋሐድ ሌሎች ውህዶችን ይፈጥራል። ከእነዚህ መካከል አብዛኛውን ጊዜ በብዛት የሚገኘው ክሎሮፎርም ነው።

ምንነቱና ባሕርይው

ክሎሮፎርም አንድ የካርቦን፣ አንድ የሃይድሮጅንና ሦስት የክሎሪን አተሞች ያሉት ውህድ ነው። ቀለም የሌለው፣ ጣፋጭ ሽታ ያለውና ከውኃ የሚከብድ ፈሳሽ ሲሆን፣ በ61 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚፈላ በቀላሉ ይተናል። እ.ኤ.አ. በ1847 የኤደንብራው ሐኪም ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን ለወላዶች ማደንዘዣ አድርገው ተጠቅመውበታል። በልብና በጉበት ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ሳቢያ ግን በሌሎች ማደንዘዣዎች ተተክቷል።

በ1974 የኔዘርላንድስ ኬሚስት ዮሃንስ ሩክ፣ ክሎሮፎርምና መሰሎቹ ውኃን በክሎሪን በማከም ሂደት እንደሚፈጠሩ አሳወቁ። መጠኑ የሚጨምረው ውኃው ብስባሽ ሲበዛበት፣ ሲሞቅና ከክሎሪን ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ሲቆይ ነው። በመሆኑም የወንዝና የግድብ ውኃ ከጉድጓድ ውኃ ይልቅ ለዚህ የተጋለጠ ነው።

በጤና ላይ ያለው ተጽዕኖ

ክሎሮፎርም በከፍተኛ መጠን ወደ ሰውነት ሲገባ የነርቭ ሥርዓትን ያደነዝዛል፤ ጉበትንና ኩላሊትንም ይጎዳል። በአይጦች ላይ ካንሰር ማስከተሉ በመታየቱ፣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ከሚባሉት ተርታ መድቦታል። ወደ ሰውነት የሚገባውም በመጠጣት ብቻ ሳይሆን በሙቅ ውኃ ሲታጠቡ በትንፋሽና በቆዳ ጭምር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ክሎሮፎርም ከ0.3 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል።

መፍትሔው ምንድን ነው?

መፍትሔው ክሎሪንን መተው አይደለም። ያልታከመ ውኃ በቀናት ውስጥ ለሞት የሚያደርስ በሽታ ሊያስከትል ይችላል፤ የክሎሮፎርም ሥጋት ግን ለረጅም ዓመታት ከመጋለጥ ጋር የተያያዘና ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ተረፈ ምርቶችን ለመቀነስ ሲባል ተህዋስያንን የመግደሉ ሥራ ፈጽሞ መጓደል እንደሌለበት ያሳስባል።

ተገቢው መንገድ ክሎሪን ከመጨመሩ በፊት ብስባሹን ማስወገድ ነው። የውኃ ማጣሪያ ጣቢያዎች ውኃውን በማዝቀጥና በማጣራት ይህን ያከናውናሉ። በቤት ውስጥም የደፈረሰ ውኃን አዝቅጦ በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መጠን ብቻ መጨመርና ከመጠጣት በፊት ቢያንስ 30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ክሎሪን በበዛ ቁጥር ውኃው ይበልጥ ይጠራል የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት ነው።