የኢንሱሊን ወጪን የሚገድቡ የአሜሪካ ክፍላተ ግዛቶች ሕጎች

ኢንሱሊንን እ.ኤ.አ በ1921 በቶሮንቶ ያገኙት ተመራማሪዎች የፈጠራ መብቱን በ1923 ለዩኒቨርሲቲው ያስተላለፉት በአንድ አንድ ዶላር ነበር። መድኃኒቱ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ በአሜሪካ ለበርካታ የስኳር ሕሙማን ከአቅም በላይ በመሆኑ ክፍላተ ግዛቶች ዋጋውን በሕግ ወደ መገደብ ገብተዋል።

ቀዳሚዋ ኮሎራዶ ናት። አገረ ገዥ ጃሬድ ፖሊስ በሜይ 2019 የፈረሙት ሕግ የጤና መድን ያለው ሕመምተኛ ለአንድ ወር ኢንሱሊን ከኪሱ የሚከፍለው ከ100 ዶላር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ሕሙማን ከአንድ በላይ የኢንሱሊን ዓይነት ስለሚታዘዝላቸው ጣሪያው በእያንዳንዱ ማዘዣ ወይስ በድምሩ ላይ ይታሰባል የሚለው ጥያቄ ተነሣ። ግዛቲቱ በ2021 ባወጣችው ማሻሻያ፣ የታዘዘው የኢንሱሊን ዓይነት ምንም ያህል ቢሆን የወሩ ክፍያ በድምሩ ከ100 ዶላር እንዳያልፍ ወሰነች። የአንዲት ሐረግ ጉድለት ሁለተኛ ሕግ አስፈልጎታል።

የሚኒሶታው ሕግ መነሻው የአንድ ወጣት ሞት ነው። አሌክ ስሚዝ 26 ዓመት ሞልቶት ከእናቱ የጤና መድን ከወጣ አንድ ወር ሳይሞላው፣ ኢንሱሊኑን እየቆጠበ ሲወስድ ቆይቶ በጁን 2017 ሕይወቱ አልፏል። በስሙ የተሰየመውን ሕግ አገረ ገዥ ቲም ዋልዝ በኤፕሪል 2020 ፈርመዋል። በሕጉ መሠረት ከሰባት ቀን ያነሰ ኢንሱሊን የቀረው ሕመምተኛ ከመድኃኒት ቤት የ30 ቀን ፍጆታ በ35 ዶላር እንዲያገኝ ተደነገገ። ወጪውን የሚሸከሙት አምራቾቹ ሲሆኑ፣ ግዴታውን የማይወጣ ኩባንያ በወር ከ200 ሺህ ዶላር የሚጀምር ቅጣት ተጥሎበታል። የመድኃኒት አምራቾች ማኅበር ሕጉ ሥራ ላይ ከመዋሉ ከአንድ ቀን በፊት የንብረት መብታችንን ይጥሳል በማለት ክስ መሥርቷል።

የክፍላተ ግዛቶቹ የክፍያ ጣሪያ ግን ሁሉንም አይደርስም። በ1974 በወጣው የፌዴራል ሕግ ምክንያት የሠራተኞቻቸውን ሕክምና ከራሳቸው ካዝና የሚሸፍኑ አሠሪዎች ከግዛቶች የመድን ሕግ ውጭ ናቸው። በአሠሪ በኩል መድን ካላቸው ሠራተኞች ከግማሽ የሚበልጡት የሚሸፈኑትም በዚሁ መንገድ ነው። በኮሎራዶም ሆነ በሚኒሶታ ተቀጥረው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን በመጀመሪያ ሊያጣሩት የሚገባው መድናቸው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ነው።

የፌዴራሉ መንግሥት ከ2023 ጀምሮ ሜዲኬር በተባለው የአረጋውያን መድን ለታቀፉት የወሩን ክፍያ በ35 ዶላር ገድቧል። ይህንኑ ጣሪያ ወደ ግል መድን ለማስፋት በ2022 ለሴኔቱ የቀረበው ሐሳብ 57 ድምፅ ቢያገኝም የሚያስፈልገው 60 ስለነበር ወድቋል።