የዴንቨሮቹ 12 ሕሙማን

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካዋ ዴንቨር ከተማ ሐኪሞች አንድ ነገር እንቆቅልሽ ሆነባቸው። አንዱ ታካሚ ከባድ አደጋ ደርሶበት፣ ሌላው ቆሽቱ ተቆጥቶ፣ ሌላው በቫይረስ ታሞ ይገባል። አመጣጣቸው ለየቅል ነው፤ ውሎ አድሮ ግን ሁሉም ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ኦክስጅን ቢጨመርላቸውም ከንፈራቸው እንደጠቆረ ይቀራል፤ ሳንባቸውም ገትሮ አልነፋ ይላል።

ዴቪድ አሽቦ፣ ቶማስ ፔቲና ባልደረቦቻቸው በመተንፈሻ መሣሪያ ከታገዙ 272 ታካሚዎች መካከል እነዚህን 12 ለይተው በ1967 «ላንሴት» መጽሔት ላይ ጻፉ። 7ቱ ሞተዋል። አስከሬናቸው ሲመረመር ሳንባቸው ቀልቶና ከብዶ ጉበት መስሎ ተገኘ። በዚያው ሰሞን ቬትናም የዘመቱ የአሜሪካ ጦር ሐኪሞችም በቁስለኞቻቸው ላይ ተመሳሳይ ነገር እያዩ «የዳ ናንግ ሳንባ» ይሉት ነበር። ሳንባን ለዚህ ከሚዳርጉት ነገሮች ዋነኛው ሴፕሲስ፣ ማለትም ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ልክ ያጣ ምላሽ መሆኑ እያደር ታወቀ።

ጥፋተኛው ማን ነው? ጥርጣሬው በነጭ የደም ሴሎች ላይ ለማረፍ ጊዜ ወስዷል፤ ስማቸው ያማረ ነበርና። ኢሊያ ሜችኒኮቭ በ1882 ሲሲሊ ደሴት፣ መሲና ላይ፣ የባሕር ኮከብ እጭን በእሾህ ወግቶ በማግስቱ ሴሎች እሾኹን ከበውት ካየ ወዲህ የሚታወቁት በዘበኝነታቸው ነው። እሱም በ1908 ኖቤል ተሸልሞበታል።

ስማቸውን ያጎደፈው ከሳንባ ጋር የማይገናኝ የሚመስለው የኩላሊት እጥበት ክፍል ነው። እጥበት በተጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ በታካሚው ደም የሚገኙት ነጭ ሴሎች ቁጥር ያሽቆለቁላል፤ ጥቂት ቆይቶ ይመለሳል። የት ሄደው ነው? የሚኒሶታ ተመራማሪዎች በ1977 መልሱን ሰጡ። ደሙ የማጣሪያውን የሴሎፎን ሽፋን ሲነካ ኮምፕሊመንት የሚባሉ ፕሮቲኖች ይነቃሉ፤ እነሱም ከነጭ ሴሎች ብዙውን ድርሻ የሚይዙትን ኒውትሮፊሎች ቀስቅሰው ሳንባ ውስጥ ያከማቿቸዋል።

ሳንባን መረጡት እንዳይባል ምክንያቱ የመንገድ ጥበት ነው። ብዙዎቹ የሳንባ ቀጫጭን የደም ሥሮች ከኒውትሮፊል ይጠባሉ። የረጋው ሴል ተለጥጦ ሾልኮ ያልፋል፤ በሴፕሲስ የተቀሰቀሰው ግን ደርቆ እዚያው ይቀረቀራል። ከዚያ ባክቴሪያ ሊገድልበት የያዘውን ሁሉ ይዘረግፋል፦ ኢላስቴዝ የተባለውን ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይምም፣ መርዛማ የኦክስጅን ውህዶችንም። በ2004 ደግሞ በርሊን የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሴሉ የራሱን ዲኤንኤ ሳይቀር እንደ መረብ አውጥቶ እንደሚዘረጋ አሳዩ። መረቡ ባክቴሪያ ይይዛል፤ የደም ሥሩን ግድግዳ መጉዳቱና ደም ማርጋቱ ግን አልቀረም። ግድግዳው ሲሸነቆር ፕሮቲን የበዛበት ፈሳሽ ወደ አየር ከረጢቶቹ ይገባል። ዴንቨር ላይ የታየው ጉበት መሰል ሳንባ እንዲህ ያለ ነው።

ታዲያ ሴሎቹን ማስታገስ ነዋ! ሐሳቡ ቀላል ይመስል ነበር። በ1987 ቲኤንኤፍ የተባለውን ቀስቃሽ ፕሮቲን የሚያግድ አንቲቦዲ ባክቴሪያ የተወጉ ዝንጀሮዎችን ከሞት አዳነ። በ1990ዎቹ በሰው ላይ ሲሞከር ግን የተጠበቀው አልሆነም። ዝንጀሮዎቹ መድኃኒቱን ያገኙት ባክቴሪያው ከመግባቱ በፊት ነበር፤ ሰው ግን ሆስፒታል የሚደርሰው ከታመመ በኋላ ነው። ልዩነቱ ቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ነበር።

ጉዳዩን ያወሳሰበው ሌላም ግኝት አለ። የሴንት ሉዊስ ሐኪሞች በሴፕሲስ ከሞቱ ሰዎች ጣፊያና ሳንባ፣ ገና ሳይቀዘቅዙ፣ ናሙና ወስደው በ2011 ውጤቱን አወጡ። የጣፊያው ሴሎች ቢቀሰቀሱም ምላሻቸው እጅግ ደካማ ነበር። ስለዚህ በአንድ ሕመምተኛ ገላ ውስጥ አንዱ የመከላከያ ሴል ሲያብድ ሌላው ዝሎ ሊተኛ ይችላል፤ ሁሉን በአንድነት የሚያፍን መድኃኒት ለአንዱ ቢበጅ ለሌላው ጠንቅ ነው።

ለታመመው ሳንባ ትልቁ እፎይታ የመጣው ከዚህ ሁሉ ፍለጋ ውጪ፣ ከመተንፈሻ መሣሪያው ነው። ሳንባ ያለ ልክ ሲወጠር ራሱ ሴሎቹን ይቀሰቅሳል። በ2000 ይፋ በሆነውና 861 ታካሚዎች በተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገፋው አየር በኪሎ ከ12 ሚሊ ሊትር ወደ 6 ሲቀነስ፣ ከ100 ታካሚ 40 ያህል የነበረው ሞት ወደ 31 ወረደ።