ሰነዱና ወሰኑ፦ በአሜሪካ የንግድ ቦታ ሲገዛ የሚደረገው ቅየሳ ከየት መጣ?

በ1868 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የፔንሲልቬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋትሰን የተባለ ገዢ ሙርሄድ በተባለ የርስት ሰነድ አጣሪ ላይ ያቀረበውን ክስ ውድቅ አደረገ። ሙርሄድ መዝገቡን ሲያገላብጥ የተመዘገቡ የዕዳ ፍርዶች አግኝቶ ነበር። ጠበቃ ሲጠይቅ ንብረቱን እንደማይነኩ ተነገረው፤ እሱም ለገዢው ንብረቱ ከዕዳ ነጻ መሆኑን አረጋገጠለት። ኋላ ግን ዕዳው ንብረቱን ተከትሎ መጣና ዋትሰን ገንዘቡን አጣ። ዳኞቹ አጣሪው የሕግ ባለሙያ አማክሮ እስከሠራ ድረስ ቸልተኛ ሊባል አይችልም አሉ። ጥፋተኛ ባለመኖሩም ኪሳራው በገዢው ላይ ቀረ።

ዳኞቹን መንቀፍ አይቻልም፤ ያልበደለን ሰው ካሣ ክፈል አይባልም። ፍርዱ ግን ነጋዴውን አስደነገጠ። በ1874 የግዛቱ ሕግ አውጪ የባለቤትነት መድን የሚሰጡ ኩባንያዎች እንዲቋቋሙ ፈቀደ፤ በማርች 1876 የመጀመሪያው ኩባንያ በፊላደልፊያ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ መድን ለገዛ ሰው የሰነድ ስሕተት ማንም ባያጠፋም የሚካስ ሆነ።

መድኑ የሸፈነው ግን በዋናነት በመዝገብ ቤት የሚገኘውን ነው። የጎረቤት ግንብ ወሰን አልፎ መግባቱን፣ ከኋላ ያለው ሱቅ ዕቃውን ለዓመታት በዚሁ ግቢ ሲያሳልፍ መኖሩን መዝገብ አይናገርም። ስለዚህ መድን ሰጪዎቹ ትክክለኛ ቅየሳ ቢደረግ ኖሮ ይታይ የነበረውን ጉዳይ ሁሉ ከውላቸው ውጭ አደረጉት። ይህን ማግለያ ማሰረዝ የፈለገ ገዢ ቀያሽ ወደ መሬቱ መላክ ነበረበት።

መሬቱ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በምሥራቁ ጠረፍ፣ በቀድሞዎቹ ቅኝ ግዛቶች፣ ወሰን የሚነገረው በዛፍ፣ በድንጋይና በጅረት ነበር። ዛፉ ይወድቃል፤ ጅረቱ መንገዱን ይቀይራል፤ ቀያሹ የተመራበት የኮምፓስ መርፌ እንኳ የሚያመለክተው ሰሜን ከዘመን ዘመን ይዛወራል። በ1785 የወጣው የመሬት ድንጋጌ ወደ ምዕራብ ያለው አገር ጎኑ 6 ማይል በሆነ አራት ማዕዘን፣ እያንዳንዱም በ36 ክፍል እንዲሸነሸን አዘዘ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 30 ቀያሹ ቶማስ ሃቺንስ በኦሃዮ ወንዝ ዳር ሥራውን ጀመረ። መለኪያው 66 ጫማ፣ ማለትም 20 ሜትር ግድም የሚረዝም የብረት ሰንሰለት ነበር፤ በአገራችን ቃላድ የሠራውን ሥራ በዚያ የሠራው ይህ ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ በሙቀት ይረዝማል፣ በአገልግሎት ብዛት ይለጠጣል፤ በገደልና በረግረግ ላይ ሲጎተት ልኩ ይዛነፋል።

እዚህ ላይ ሕጉ ጥበብ አሳየ እላለሁ። በ1805 የወጣው አዋጅ መጀመሪያ የተተከለው የማዕዘን ምልክት ልኩ ቢዛነፍም እንኳ ሕጋዊው ወሰን እሱ ነው አለ። ሰው ቤቱን የሠራው፣ አጥሩን ያጠረው ያንን ምልክት አምኖ ነውና። በ1878 የሚሺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከዲትሮይት የመጣ ክርክር ቀረበለት። የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ከጠፉ በኋላ የተደረገ አዲስ ቅየሳ ባለይዞታዎች ለዓመታት ያከበሩትን ወሰን የሚያናጋ ውጤት አምጥቶ ነበር። ዳኛ ቶማስ ኩሊ ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላ ለረጅም ጊዜ የቆመ አጥር ከአዲሱ ቅየሳ የተሻለ ማስረጃ ነው ብለው ጻፉ። እኚሁ ዳኛ ቀያሽ ማስረጃ ፈላጊ እንጂ ፈራጅ አለመሆኑን አጥብቀው ያስተማሩ ሰው ናቸው። ጥሩ ቀያሽ ዛሬም መሣሪያውን ከመትከሉ በፊት የቀዳሚውን ቀያሽ ፈለግ ይከተላል።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን አበዳሪው በአንድ ከተማ፣ ሕንፃው በሌላ ግዛት ሆነ። የየአካባቢው ቀያሽ በየልማዱ የሚያነሳውን ካርታ ከሩቅ ሆኖ ማመን አስቸጋሪ ነበር። በ1907 በቺካጎ የተመሠረተው የባለቤትነት መድን ሰጪዎች ማኅበር ከቀያሾች ማኅበር ጋር ተስማምቶ በ1962 ለአገሪቱ በሙሉ የሚሠራ አንድ ዝቅተኛ መስፈርት አወጣ። መስፈርቱ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ታድሷል፤ የቀያሾቹ ማኅበር በሌላ ከተተካ በኋላም በ2016 ስሙ በሁለቱ ማኅበራት ምኅጻረ ቃል አልታ/ኤንኤስፒኤስ ተባለ። በ2021ዱ እትም በሁለት የማዕዘን ምልክቶች መካከል የሚፈቀደው መዛነፍ 2 ሳንቲ ሜትርና በተጨማሪ የርቀቱ 50 ሚሊዮንኛ ነው። ለ200 ሜትር 3 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው።

ከልኩ ይልቅ ዋናው ቁም ነገር ግን ሰነዱና መሬቱ በአንድ ወረቀት ላይ መገናኘታቸው ነው። ቀያሹ መድን ሰጪው ያወጣውን የማግለያ ዝርዝር ተቀብሎ ቦታቸው የሚታወቀውን በካርታው ላይ ያሳያል፦ የመብራት መስመር፣ በሰው መሬት የማለፍ መብት፣ ወሰን የተሻገረ ግንባታ። ካርታውንም ለገዢው፣ ለአበዳሪውና ለመድን ሰጪው በስም ያረጋግጣል። የመኪና ማቆሚያ ብዛት ወይም ከመሬት በታች ያለ ቱቦ እንዲካተት የሚፈልግ ግን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት፤ ሳይጠየቅ አይሠራም።

በዋሽንግተንም ሆነ በሌላ የአሜሪካ ከተማ ነዳጅ ማደያ፣ ምግብ ቤት ወይም መጋዘን ለመግዛት የተዘጋጃችሁ ወገኖቻችን ሆይ፣ ይህን ካርታ ለባንክ የሚሰጥ ወረቀት ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። ከመፈረማችሁ በፊት ከመድን ሰጪው የማግለያ ዝርዝር ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡና ከጠበቃችሁ ጋር መስመር በመስመር አንብቡት፤ ያልገባችሁንም ቀያሹን ጠይቁት።