የዣንግ ሩይሚን መዶሻ

ዱከም የቻይና ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ የቀድሞ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ቻይናዎች ጎበዝ አለቃ የሚሉት ምን ዓይነቱን ነው?» ብላ በኢንቦክስ ጠየቀችኝ። ለሌሎቻችሁም ስለሚጠቅም እዚሁ ልመልስ። ባሕርይ ከምዘረዝር አንድ ሰው ላንሳ፤ ዣንግ ሩይሚን ይባላል።

የተወለደው በ1949 ነው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ያዙልኝ)። ወጣትነቱ የባህል አብዮት ላይ ወደቀና ዩኒቨርሲቲ ሳያይ ፋብሪካ ገባ። በ1984 መጨረሻ ቺንግዳዎ ከተማ ያለ አንድ የፍሪጅ ፋብሪካ እንዲመራ ተሾመ። ሹመት ይባል እንጂ ቅጣት በሉት። ፋብሪካው 1.47 ሚሊዮን ዩዋን ከስሯል፣ በዚያው ዓመት ብቻ ሦስት ኃላፊዎች መጥተው ሄደዋል። ዣንግ ካወጣቸው 13 ደንቦች አንዱ «የሥራ ክፍል ውስጥ መጸዳዳት ክልክል ነው» የሚል ነበር። አስቡት እንግዲህ! የሚከፍለው ደመወዝ ስላልነበረው አካባቢው ካሉ የገበሬ መንደሮች ተበድሮ ነው የከፈለው።

በ1985 አንድ ደንበኛ ስለ ፍሪጅ ጥራት አቤት አለ። ዣንግ መጋዘን የነበረውን 400 ገደማ ፍሪጅ ሲያስፈትሽ 76ቱ እንከን ተገኘባቸው። አንዳንዱ ጭረት ብቻ ነው። ሠራተኞቹ «በቅናሽ ለኛ ይሸጥልን» አሉ። አይፈረድባቸውም፤ የአንዱ ዋጋ 800 ዩዋን አካባቢ ነው፣ የአንድ ሠራተኛ የሁለት ዓመት ደመወዝ ይጠጋል እኮ። እሱ ግን እነዚህን ካሳለፍኩ ነገ አሥር እጥፍ ይመጣብኛል ብሎ እምቢ አለ። እያንዳንዱን ፍሪጅ የሠራው ሰው ራሱ በመዶሻ እንዲሰብረው አዘዘ። የመጀመሪያውን ምት ራሱ መታ። ያለቀሱ ነበሩ።

ይህን ታሪክ የሚያወራ ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ያቆማል። ለኔ ግን ቁም ነገሩ ከዚህ በኋላ ነው። ዣንግ የሠራተኞቹን ደመወዝ አልነካም። የቆረጠው የራሱንና የዋና መሐንዲሷን የወር ደመወዝ ነው። ቻይናዎች «ሚያንዚ» የሚሉት ነገር አለ፣ የሰው ፊት ክብር፤ ከኛ ይሉኝታ ብዙም አይርቅም። ሠራተኛ በሰው ፊት የገዛ ሥራውን ሲሰብር በቂ ውርደት ነው። አለቃው ጥፋቱን ወደ ራሱ ባይወስድ ኖሮ ያ ቀን ቂም ብቻ ነበር የሚተርፈው። በኔ እይታ ሰውየውን ያነገሠው መዶሻው ሳይሆን ያቺ የተቆረጠች ደመወዝ ናት።

መልአክ ነበር እያልኩ ግን አይደለም። ከብዙ ዓመት በኋላ ድርጅቱ በሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ቀንሷል፣ በተለይ መሐል ላይ ያሉ አለቆችን። ያኔ የተባረረ ሰው ይህን ታሪክ በሌላ መንገድ ነው የሚነግራችሁ።

ያ የከሰረ ፋብሪካ ዛሬ ሀየር ይባላል። ስሙ ራሱ የተወሰደው ቴክኖሎጂ ከሰጠው የጀርመኑ ሊብሄር ነው። በ2016 የአሜሪካውን የጄኔራል ኤሌክትሪክን የቤት ዕቃ ክፍል በ5.4 ቢሊዮን ዶላር ተስማምቶ ገዛ። ዣንግ በ2021 ጡረታ ወጣ፤ መዶሻው ደግሞ ቤጂንግ፣ የቻይና ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ገብቷል።