ጠፈርና ጠረፍ፦ ሐኪሙ ድንኳን ላይ የወደቀው ቦምብ

በፈረንጆቹ 2010 ጆን በርን የተባለ የኮሚክ ደራሲና ሠዓሊ አራት እትም ያለው አንድ ሥራ አወጣ። ዋናው ገጸ ባሕርይ የ«ስታር ትሬክ» የጠፈር መርከብ ሐኪም ዶክተር ማኮይ ነው። እዚህ ግን መርከቡን ትቶ፣ ጺሙን አሳድጎ፣ ሐኪም የማይደርስባቸውን ፕላኔቶች እየዞረ ያክማል። ርዕሱ በአማርኛ «የጠረፍ ሐኪም» እንደማለት ነው።

እኔን የያዘኝ ይቺው ቃል ናት። ለነገሌ ቦረና ልጅ ጠረፍ ጠፈር ውስጥ አይደለም፤ በፊልቱ አድርጎ ወደ ዶሎ የሚወርደው መንገድ ነው። በዚያ ቆላ ደግሞ እውነተኛ የጠረፍ ሐኪም ነበረ።

ዘመኑ 1928 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ የራሷን ቀይ መስቀል ካቋቋመች ገና ወራት ብቻ ሆኗታል። ጣሊያን ስትወርረን የተለያዩ አገሮች አምቡላንስ ላኩ። አምቡላንስ ስንል ያኔ ባለ ሳይረን መኪና ብቻ አይደለም፤ ድንኳን፣ መድኃኒት፣ ሐኪምና ረዳት ይዞ ጦሩን የሚከተል ሆስፒታል ነው። የስዊድኑ አምቡላንስ የደረሰው ደቡብ ግንባር፣ የራስ ደስታ ዳምጠው ጦር ዘንድ ነበር። መሪው ቀድሞም ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው ዶክተር ፍሪዴ ሂላንደር ነው። ድንኳኑን ገናሌ ወንዝ አጠገብ፣ መልካ ዲዳ ላይ ተከለ።

ታኅሣሥ 20 ቀን የግራዚያኒ አውሮፕላኖች መጡና የቀይ መስቀል ምልክት ያለበትን ሰፈር በቦምብ ደበደቡት። ሂላንደር ቆሰለ። ስዊድናዊው ረዳት ጉናር ሉንድስትሮም ሞተ። በጠቅላላው ከ20 በላይ ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ሊታከሙ የተኙ ኢትዮጵያውያን ቁስለኞች ነበሩ።

ምክንያት ተብሎ የቀረበው በቀል ነው። ከአራት ቀን በፊት ቲቶ ሚኒቲ የተባለ ጣሊያናዊ አብራሪ ኦጋዴን ውስጥ ተይዞ ተገድሎ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ኦጋዴን ላይ ለሞተ አብራሪ ዕዳውን የከፈለው ገናሌ ዳር አልጋ ላይ የተኛ ሰው ነው። ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ ጥር 11 በጥምቀት ቀን፣ ግራዚያኒ ነገሌን ያዘ።

አሁን ወደ ኮሚኩ ልመለስ። ማኮይ የቱንም ያህል አደጋ ውስጥ ቢገባ አንባቢው አይጨነቅም፤ ስሙ ሽፋኑ ላይ አለ፣ አይሞትም። የሚሞቱት ሌሎች ናቸው። የ«ስታር ትሬክ» ወዳጆች «ቀይ ሸሚዝ» የሚሏቸው አሉ፦ አዲስ ፕላኔት ላይ ወርደው፣ ስማቸው እንኳ ሳይነገር፣ ወዲያው የሚሞቱ ቀይ ለባሽ የመርከቡ ሠራተኞች። አድናቂዎቹ ይቀልዱበታል።

መልካ ዲዳ ላይ ግን ቀልዱ ያንቃል። ዓለም በዚያ ቦምብ የጮኸው በአመዛኙ ስዊድናውያን ስለተመቱ ነው፤ ታሪኩ በየመጽሐፉ ሲነገርም የሂላንደርና የሉንድስትሮም ስም ይነሳል። ይሄ ይገባቸዋል፤ ሰው ለማዳን ነው የመጡት። ቁስለኞቹ ግን «ከ20 በላይ» ሆነው ቀሩ። በገዛ አገራችን ታሪክ ውስጥ ቀይ ሸሚዝ የለበስነው እኛ ነን።

ዛሬ «ጀምበር»ን የመሰለ ኢትዮጵያዊ ጀግና ያለበት ኮሚክ በአማርኛ እናነባለን። መልካ ዲዳን የሚስል ሰው ከመጣ አንድ ነገር እለምነዋለሁ፦ ከሐኪሙ አይጀምር። የመጀመሪያውን ገጽ አልጋ ላይ ለተኛው ሰው ይስጠው፤ ፊት ይሳልለት፣ ስም ያውጣለት። አውሮፕላኑ ከዚያ በኋላ ይምጣ።