ወረርሽኝና የጣና ደሴቶች

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮሮና የተባለው በሽታ በአገራችን መገኘቱ በተነገረ ጊዜ እኔ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ አቃቂ ቤታችን ተቀምጠን ሳለ፥ ሰው ከመንገድ ስለ ጠፋ ምድር ዐረፈች ሲባል ሰምቼ አመንሁ። በኋላ የጣናን ታሪክ ሳነብ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ ተረዳሁ።

ጣና ወረርሽኝን ያየው ያን ጊዜ ብቻ አይደለም። በ1858 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በዘጌ ሰፍረው ሳሉ ኮሌራ ከሠራዊቱ ገብቶ ብዙ ሰው ፈጀ፤ ንጉሡም ሰፈሩን አስነቅለው በቋራጣ በኩል ወደ ደብረ ታቦር ወጡ። ያን ያህል ሠራዊት ሲመግብ ለነበረ አገር የእንግዳው መሄድ ዕረፍት ሳይሆን አልቀረም።

በ2012 ዓ.ም. ግን እንግዳ ሲቀር የሚጎዳ ሌላ ኑሮ በሐይቁ ዙሪያ ተተክሎ ነበር። ሐይቁ 37 ያህል ደሴቶች አሉት። የነገሥታት ዐፅም ያረፈበትን ደጋ እስጢፋኖስንና ክብራን ገብርኤልን ለማየት አገር ጎብኚዎች ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ይመጣሉ። ከዚህም ገዳማቱ የመግቢያ ገንዘብ፥ ጀልባ ነጂውና አስጐብኚው የዕለት ጉርሳቸውን፥ ከደንገል ትንንሽ ታንኳ ሠርቶ የሚሸጠው ልጅም የደብተር መግዣውን ያገኛል። በመጋቢት ወር ከውጭ የሚገባ ሁሉ 14 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ በታዘዘ ጊዜ ጀልባዎቹ ከዳር ታሰሩ።

ታዲያ ሐይቁ ዐረፈን? የዘጌን ነገር እንመልከት። በዘጌ በበሬ ማረስ በቆየ ሥርዐት የተከለከለ ስለ ሆነ ሕዝቡ ከጫካው ጥላ ሥር በሚበቅለው ቡና ይኖራል። ነገር ግን ማገዶ በታንኳ ጭኖ ባሕር ዳር መሸጥም የቆየ ነው፤ የጎብኚ ገንዘብ ሲቀር መጥረቢያ ማንሣት የሚቀር አይመስለኝም።

የእምቦጭ ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነው። የአቃቂ ልጅ እምቦጭን ከአባ ሳሙኤል ሐይቅ ያውቀዋል፤ መጽሐፍ አያሻውም። ይህ አረም በ1965 እ.ኤ.አ. በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ታየ፤ ጣና ላይ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። የሚያፋፋው ጎብኚ ሳይሆን ከእርሻ ታጥቦ የሚገባው አፈርና ማዳበሪያ ነውና ሰው ቤቱ ሲቀመጥ እርሱ አይቆምም። የሚነቅለውም ሰው ነው፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሽታው ሳይጠፋ ሕዝቡ ለአንድ ወር ዘመቻ ወደ ውኃው ወረደ።

በሩቅ ባሕር ያሉት የጋላፓጎስ ደሴቶችም ተመሳሳይ ነገር ደርሶባቸዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. ከ270 ሺህ በላይ ሰው ጎብኝቷቸው ነበር፤ በ2020 ግን ከ75 ሺህ አልበለጠም። የፓርኩ ጥበቃ ከመግቢያው ገንዘብ የሚደገፍ ስለ ነበር ጸጥታው ለጠባቂዎቹ ችግር ሆነ።

የጣና ጀልባ ነጂዎች ከኮሮና በኋላ ጥቂት ተስፋ አድርገው ነበር። ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተነሣ፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀና ጎብኚው እንደገና ቀረ።