ከግንድ ተፈልፍሎ፣ ከጣውላ ተጋጥሞ

የጅማ በርጩማ ምስማር አያውቅም። ኮላም አልነካውም። መቀመጫውም ሦስቱ እግሮቹም ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው፤ ጠራቢው የጨመረበት ምንም የለም፣ የማያስፈልገውን እየፈለፈለ ጣለ እንጂ። እግሮቹ ሦስት የሆኑበትም ምክንያት አለው። ባለ አራት እግር ወንበር ጎርበጥባጣ የአፈር ወለል ላይ ሲያስቀምጡት ይንገዳገዳል፤ ባለ ሦስቱ ግን የትም ቢጥሉት ይቆማል።

ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ዋንዛ ነው። በጅማና በአካባቢዋ ዋንዛ የቡና ጥላ ነው፤ ነጭ አበባውን ንብ ትቀስመዋለች፣ ፍሬውን ልጆች ይለቅሙታል፣ ግንዱ ደግሞ ከበሮም ገበቴም በርም ይሆናል። እንጨቱ ቡናማ ሆኖ ለመሮ የማያስቸግር፣ ሲደርቅም እምብዛም የማይጣመም ነው። ጠራቢው ግንዱ እስኪደርቅ አይጠብቅም፤ እርጥቡን በመጥረቢያ ቅርጽ ካስያዘው በኋላ በመሮ ይገባበታል። ጣጣው ከዚያ በኋላ ይመጣል። እርጥብ እንጨት የሚደርቀው ከውጭ ወደ ውስጥ ስለሆነ ላይኛው ሲኮማተር ውስጡ ገና እንዳበጠ ነው፤ በዚህ መሐል ይሰነጠቃል። ስለዚህ የተጠረበው በርጩማ ፀሐይና ነፋስ በማያገኘው ጥግ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ይተዋል። ውፍረቱም ከቦታ ቦታ ብዙ መለያየት የለበትም። ስሱ ቀድሞ ይደርቃል፣ ወፍራሙ ይዘገያል፤ ስንጥቁም እግሩ ከመቀመጫው በሚገናኝበት አንገት ላይ ብቅ ይላል። አንዴ እዚያ ላይ ከተሰነጠቀ ደግሞ የስንት ቀን ድካም ለማገዶ ነው።

ይህን ዓይነት ዕቃ ሊያስብ የሚችለው ጫካ ያለው ሰው ነው። ከአንድ ግንድ አንድ መቀመጫ ማውጣት ማለት አብዛኛውን እንጨት ፍቅፋቂ አድርጎ መጣል ነውና ዛፍ ለተወደደበት አገር ቅንጦት ይሆናል። ዛፉ በተመናመነበት ሰሜን የቤት ዕቃው ሌላ መልክ መያዙም ከዚህ የመጣ ይመስላል። የጠፍር አልጋን ማየት ይበቃል። አራት እግሮች ይበሳሉ፣ ቀጫጭን አግዳሚዎች በቀዳዳዎቹ ይሰካሉ፣ ከዚያ የተነከረ የበሬ ቆዳ በቀጭኑ ተሸንሽኖ ወዲያና ወዲህ ይጠለፋል። ጠፍሩ ሲደርቅ ይከርራል፤ ሲከርም ራሱ ማዕቀፉን ጨምቆ ይይዛል። እንጨቱ ጥቂት፣ ብልሃቱ ብዙ ነው። አልጋ ያልነበረው ደግሞ በጭቃ በተሠራ መደብ ላይ ቁርበት አንጥፎ ይተኛ ነበር፤ ያልነበረው ይበዛ ነበር።

ይህ ሲባል ሰሜኑ አናጺ አጥቶ አያውቅም። የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ጣራ አራዊት በተቀረጹባቸው የእንጨት ገበታዎች የተሸፈነ ነው፤ ላስታ ባለ ዋሻ ውስጥ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ ተደርድሮ የቆመ ነው። ያ ሁሉ ጥበብ ግን ከቅጽሩ ወጥቶ ወደ ተራው ሰው ቤት ሲገባ አይታይም። በገበሬው ጓሮ የነበረው አናጢነት ሌላ ነበር። ሞፈሩን፣ እርፉን፣ ቀንበሩን የሚጠርበው አራሹ ራሱ ነው፤ ለሞፈር የሚሆን ቀጥ ያለ እንጨት ካየም ከዓመት በፊት በዓይኑ ይዞት ይቆያል። ከዚህ የበለጠ የቤት ውስጥ ወርክሾፕ የለም፤ ሥራ ብሎ የሚቆጥረው ሰው አለመኖሩ ነው እንጂ።

ሥራ ተብሎ ሲቆጠር ደግሞ መናቅ ይከተለው ነበር። በጉራጌ በእንጨት ሥራ የሚተዳደሩት ወገኖች ፉጋ ይባሉ ነበር። ስሙ ስድብ ሆኖ የኖረ ነው፤ እዚህ የሚነሳው ታሪኩን ያለ እሱ መንገር ስለማይቻል ነው። አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ምሁር ዊልያም ሻክ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጻፋቸው ጥናቶች እንዳስቀመጠው፣ መሬት የማይሰጣቸውና ማንም የማይጋባቸው እነዚህ ሰዎች ካልመጡ የጉራጌ ቤት ምሰሶ አይቆምም ነበር። አገር የሚደነቅበትን ያንን ሰፊ ጎጆ የሚያቆሙት፣ ከተቆመ በኋላ ግን እንደልባቸው የማይገቡበት እነሱ ነበሩ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል፤ ብረት ቀጥቃጩም ሸማኔውም የተነሳበት አዋጅ ነው። አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ቀረ ማለት ግን አይቻልም።

ባለሙያው የተናቀበት አገር ሙያውን ሲወድ የታየው ጅማ አጠገብ ባለችው በጅሬን ነው። ከ1870 እስከ 1924 ዓ.ም. ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ኮረብታ ላይ ያሠሩት ቤተ መንግሥት ባለ ፎቅ የእንጨት ሥራ ነው፤ ሰገነቱና ደጋፊ አምዶቹ እስከ ዛሬ ይታያሉ። ከሳቸው የቀሩ የእንጨት ዕቃዎች በጅማ ሙዚየም ተቀምጠዋል። አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው የቆዩ፣ ሒርማታ ገበያቸው የደቡብ ምዕራብ ንግድ መናኸሪያ የነበረ ንጉሥ ናቸው። ያ ብልጽግና በባሪያ ንግድም ጭምር የቆመ እንደነበር ሳያነሱ ውበቱን ብቻ ማድነቅ ግን ታሪክን መሸራረፍ ይሆናል።

የተጋጠመ ጣውላ ወደ ቤት የገባው በሌላ በር ነው። ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ሲደርስ ከአገሩ ሁለት ባለ እጆች ይዞ ነበር። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ባለሙያዎች ተከተሉ። በፒያሳና በአካባቢው የቀሩት የድሮ ቤቶች በረንዳ ላይ ያለው እንደ ዳንቴል የተበሳሳ እንጨት ከነሱ እጅ የተቀዳ ሥራ ነው። ተሽከርካሪ መጋዝ ባልነበረበት ጊዜ ግንዱ በከፍታ ተሰቅሎ አንዱ ከላይ ሌላው ከታች ሆነው በረጅም መጋዝ ይሰነጥቁት ነበር፤ የታችኛው ሰው ዓይኑና አፉ በሰጋቱራ ተሞልቶ ይውላል። አንድ ጣውላ እንዲህ ተለፍቶበት ሲገኝ ማንም ፈልፍሎ አይጥለውም፤ ለክቶ ይቆርጣል፣ አጋጥሞ ይሰካል።

ከተሜው ዕቃ የተወለደው በዚህ መንገድ ነው፦ ቁም ሳጥን፣ ቡፌ፣ ኮመዲኖ፣ መሳቢያ ያለው ጠረጴዛ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተከፈተው ተግባረ እድ የሙያ ትምህርት ቤትም በሞርሳና በስኳድራ የሚሠራ አዲስ ትውልድ አወጣ። ከነሱ ብዙዎቹ የቀጠሩት ራሳቸውን ነው። ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ ይዘረጋል፣ አንድ ጠንካራ የሥራ ጠረጴዛ ይቆማል፣ ሙሽራ የምትገባበት አልጋ ከመኖሪያ ቤቱ አሥር እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ ይላጋል። ልጆቹም ሳይመዘገቡ ይማራሉ፤ መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ ቀጥሎ ቫርኒሽ መቀባት፣ መላጊያ የሚጨብጡት ከቆዩ በኋላ ነው።

እንጨቱ ግን አብሮ አልበዛም። በ1880ዎቹ መጨረሻ የገባው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶና ከማገር ችግር አውጥቷታል፤ ለዕቃ ሲሉት ግን ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። አናጺው የሚፈልገው ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ሲሆን እነዚሁ አራቱ ናቸው በአዋጅ ቁጥር 94/1986 ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ የተከለከሉት። ክልከላው ትክክል ነበር፤ ቢዘገይ ነው እንጂ። ከዚያ ወዲህ ክፍተቱን የሞላው ቺፕውድና ኤምዲኤፍ ነው። ለቁም ሳጥን ያገለግላል። ለጅማ ጠራቢ ግን የሞተ ነገር ነው፤ መሮ ሲያርፍበት ይፈረፈራል።

በርጩማው ሳይጠፋ የቆየው ትንሽ በመሆኑ ነው። የመቀመጫውን ስፋት የሚያህል ግንድ ከተገኘ ይበቃዋል፤ ዋንዛ ደግሞ ከአገር በቀል ዛፎች ፈጠን ብሎ የሚያድግ ስለሆነ ቡና ያለው ገበሬ ለጥላ ያሳደገውን ቆርጦ መሸጥ ይችላል። ባለ ከፍተኛ መደገፊያው የጅማ ወንበር ነው የተቸገረው። እሱን ከነጀርባው ከአንድ ግንድ ለማውጣት የሚበቃ ዛፍ በቡና ማሳ ውስጥ አይገኝምና፣ ዛሬ አንድ ሰው ቢያዝ ጀርባው ለብቻው ተጠርቦ በኮላ ተጣብቆ ቢመጣለት አይገርምም።